በእርምጃ የሚዞር ሞተር፤ ከዲማ ሆኖ ሲታይ

የጎጃሙ ዲማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የጊዮርጊስን ገዳም ነው፤ ወይም ቅኔ ቤቱን፤ ወይም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። ስለ ሞተር ሽቦ የሚጽፍ ሰው ነገሩን ከዚህ መጀመሩ ያስቅ ይሆናል። ግን እዚያው ዲማ ወይም ቢቸና ከተማ አንዱ ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እዩ። በአንዲት የባትሪ ድንጋይ ዓመት ያህል የሚሠራው፣ ሴኮንድ ቆጣሪው ቀጭ ቀጭ እያለ የሚራመደው ሰዓት ውስጡ ስቴፐር፣ ማለትም በእርምጃ የሚዞር ሞተር አለው። አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንዲት ትንሽ ማግኔት፣ እና በጥቁር ሙጫ የተሸፈነች ቺፕ። ፈረንሳዊው ማሪዩስ ላቬ በ1936 (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ዓይነት ነው። ክሪስታሉ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ቺፗ ያንን ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈለች አንድ ላይ ታደርሰዋለች። ከዚያ በየሴኮንዱ አንድ ምት ወደ ጥቅሉ ትልካለች፤ አንዱን ምት በዚህ አቅጣጫ፣ ቀጣዩን በተቃራኒው። ማግኔቷ በእያንዳንዱ ምት ግማሽ ዙር ትገለበጣለች፤ ባለ ጥርስ መዘውሮቹ ያንን ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሱታል። ስቴፐርን ከሚያዘው ቺፕ፣ ከድራይቨሩ ጋር የማገናኘት ጥያቄ በሙሉ እዚያች ሰዓት ውስጥ ተፈትቶ ተሰቅሏል ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሰዓት ቆጣሪ የከበደ ነገር እናዙር ስንል ነው።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ እንቁላል ነው። ዲማ የምትኖረው አክስቴ ጫጩት የምትፈለፍልበት ሣጥን ሠርታ፣ አምፖል አስገብታ፣ ማገላበጡ ግን ሰለቻት። እንቁላል 21 ቀን በ37.5 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲቆይ፣ እስከ 18ኛው ቀን ድረስ በቀን ብዙ ጊዜ መገላበጥ አለበት፤ ያለዚያ ውስጡ ያለው ፅንስ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ሌሊት ተነሥቶ ማገላበጥ ደግሞ ለሦስት ቀን እንጂ ለሦስት ሳምንት አይዘለቅም። «አንተ በዚህ ነገር ተምረሃል አይደል?» አለችኝ። ተምሬያለሁ ማለቴ ነው ስህተቱ።

ስቴፐር ሞተር ከተራው ሞተር የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ እየተነገረው ይራመዳል። በኮፒ ቤቶች የምናየው ስካነር መብራቱን ከወረቀቱ ሥር እየጎተተ የሚያሳልፈው በእሱ ነው። በሱቅ ባንኮኒ ላይ ያለችው የሽያጭ ደረሰኝ ማሽን ወረቀቷን ጥርር እያደረገች የምትተፋው በእሱ ነው። አሮጌዎቹ ባለ ጥብጣብ ማተሚያዎች ጭንቅላታቸውን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሱበትም እሱ ነው። በኮምፒውተር ከሚሠሩት የጥልፍ ማሽኖች መካከል የቀሚሱን ጥለት የተወጠረበትን ፍሬም በእሱ የሚያንቀሳቅሱ አሉ። ሆኖም ከባትሪ ጋር በቀጥታ ብታገናኙት አንድ ጊዜ ንቅንቅ ብሎ ይቆማል፤ ይጠነክራል፣ ይሞቃል፣ አይዞርም። እንዲዞር ጥቅሎቹ በተራ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መብራትና መጥፋት አለባቸው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያወጣው አርዱዊኖም ሆነ ሌላ ማይክሮኮንትሮለር በአንድ እግሩ የሚሰጠው ጅረት 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ሞተሩ የሚጠይቀው ግን ከ100 እስከ 2,000። በመካከል አማላጅ ያስፈልጋል። ባለሙያዎቻችን አይሲ የሚሉት ድራይቨር ቺፕ ያ አማላጅ ነው።

አብዛኛው ምክር የሚጀምረው «የትኛውን ድራይቨር ልግዛ?» ከሚለው ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሆናል። ዲማ ላለ ሰው ግን ጥያቄው ከወዲህ ነው የሚነሣው፦ እጄ የገባው ሞተር ምን ዓይነት ነው? ሞተሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተሰበረ ማተሚያ ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ በኪሎ ከሚሸጥ ቁርጥራጭ፣ ወይም ከአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ከተጣለ ኮፒ ማሽን። ወረቀት የለውም። ያለው ሽቦ ብቻ ነው፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት።

ሽቦውን ለማንበብ ቴስተር ይበቃል። ኦም ላይ አድርጎ ሁለት ሁለቱን መንካት ነው። ባለ አራቱ ቀላል ነው፤ እርስ በርስ የሚገናኙት ጥንዶች አንድ ጥቅል ናቸው፣ የማይገናኙት የሌላው ናቸው። ባለ ስድስቱ በእያንዳንዱ ጥቅል መካከል ላይ ተጨማሪ መውጫ አለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነበበው ኦም ከጫፍ እስከ መካከል ካለው እጥፍ ይሆናል፤ መካከለኛዎቹን ሁለቱን ትታችሁ እንደ ባለ አራት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በባለ አምስቱ ሁለቱ መካከለኛ መውጫዎች ውስጥ ለውስጥ ተጋጥመዋል። ቴስተር ከሌለም መላ አለ፦ ሁለት ሽቦ አጋጥማችሁ ዘንጉን በጣት አዙሩ። እንደ ኮረኮንች መንገድ እያንገጫገጨ ከከበደ የአንድ ጥቅል ሽቦዎችን ይዛችኋል። ይህ ፈተና ምንም ሳያስወጣ ከብዙ ማቃጠል ያድናል፤ ለተማሪ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ዝም ብሎ ማብራትና ማጥፋት ነው። በዚህ መንገድ የሚታወቀው ጥንድ 28ቢዋይጄ-48 የሚባለው ትንሽ ባለ 5 ቮልት ሞተርና ዩኤልኤን2003 የሚባለው ቺፕ ነው። ቺፑ ውስጥ ሰባት ጥንድ ትራንዚስተር አለ፤ እያንዳንዱ እስከ 500 ሚሊ አምፔር ይሸከማል፤ ጥቅሉ ሲጠፋ የሚፈነጥቀውን የቮልቴጅ ምት የሚይዙ ዳዮዶችም አብረው ተሠርተዋል። የሞተሩ ጥቅል 50 ኦም ገደማ ነው፤ 5 ቮልት ለ50 ሲካፈል 100 ሚሊ አምፔር። ቺፑ አይላብም እንኳ። ቀዩ ሽቦ የጋራ ነው፤ ወደ 5 ቮልት ይሄዳል። ሰማያዊና ቢጫ አንድ ጥንድ፣ ሮዝና ብርቱካናማ ሌላ ጥንድ ናቸው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሽቦውን እንደ ሶኬቱ ተራ ያስገባል፤ አርዱዊኖ ላይ ያለው የስቴፐር ፕሮግራም የሚጠብቀው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለዋወጡበትን ተራ ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያንጎራጉራል፣ አይዞርም፤ ወይም አቅጣጫ ቀይር ሲሉት እምቢ ይላል። ሰውየው ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ይጥለዋል። ሽቦውን ሳይነኩ ፕሮግራሙ ላይ 8፣ 9፣ 10፣ 11 የነበረውን 8፣ 10፣ 9፣ 11 ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ይህችን ሞተር እወዳታለሁ፤ ግን ጉልበቷን አላጋንንም። የማዞር ኃይሏ 34 ሚሊ ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ዘንጓ ላይ የአንድ ሴንቲ ሜትር ክንድ ብታስሩላት 350 ግራም ያህል ታነሣለች። አንድ እንቁላል 60 ግራም ቢመዝን የአክስቴ መቶ እንቁላል 6 ኪሎ ነው። ለሰዓት፣ ለመጋረጃ፣ ለትንሽ ቧንቧ መክፈቻ ትሆናለች፤ ለእንቁላሉ አልሆነችም።

ሁለተኛው መንገድ ጅረቱን በጥቅሉ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ማስኬድ ነው፤ እንደ ግድግዳው ሰዓት። ይህ የጥቅሉን መዳብ በሙሉ ስለሚያሠራ ጉልበት ይጨምራል። ኤል293ዲ በአንድ መስመር 600 ሚሊ አምፔር፣ ኤል298ኤን ደግሞ 2 አምፔር ይሸከማሉ። ሁለተኛው ትልቅ ጥቁር ማቀዝቀዣ የተጫነበት ቀይ ቦርድ ነው። ስለ እሱ የምለውን አለሳልሼ መናገር አልችልም፦ ለስቴፐር መጥፎ ምርጫ ነው። ለተራ ሞተር የተሠራ ነው፤ ጅረት አይገድብም፤ ራሱ ሁለትና ሦስት ቮልት ይበላል፤ የበላውንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ማተሚያ ላይ ወይም በሦስት አቅጣጫ በሚያትም ማሽን ላይ የምናገኘውን ኔማ 17 የሚባለውን፣ ፊቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሞተር እንውሰድ። አንዱ የተለመደ ዓይነት 2.8 ቮልት፣ 1.68 አምፔር፣ 1.65 ኦም ይላል። በ12 ቮልት ከኤል298ኤን ጋር ብታገናኙት፣ ቺፑ 3 ቮልት ቢበላም፣ የቀረው 9 ቮልት ለ1.65 ሲካፈል ከ5 አምፔር ያልፋል። ሁለት ይሸከማል በተባለ ቺፕ ላይ። ሽታው ከጭሱ ይቀድማል።

ሰው ለምን ይህን ያደርጋል? በቮልት ስለምናስብ ነው። ቤታችን ውስጥ መብራት 220 ነው፤ ሬዲዮው 6 ነው፤ የመኪና ባትሪ 12 ነው። ዕቃ ስንገዛ «ስንት ቮልት ነው?» እንላለን፤ አምፔሩን የሚጠይቅ ባልቦላ የሚቀይር ብቻ ነው። ስቴፐር ላይ ግን ቮልቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ጥቅሉን የሚያቃጥለው ጅረቱ ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠውም ጅረቱ ነው። ቮልቱ የሚወስነው ጅረቱ ምን ያህል ቶሎ ጥቅሉን እንደሚሞላ ነው። ጥቅል ጅረትን ወዲያው አያስገባም፤ ይግደረደራል። ፈጥኖ የሚዞር ሞተር ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ በ2.8 ቮልት ዝግ ብሎ የሚዞረው ሞተር በ24 ቮልት ይሮጣል፤ ጅረቱን የሚይዝለት ካለ።

ሦስተኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ጅረት የሚቆርጡ ቺፖች። ኤ4988፣ ዲአርቪ8825፣ ቲኤምሲ2209 የሚባሉት የዚህ ወገን ናቸው። ቺፑ ሙሉውን ቮልት ይለቅና ጅረቱን ይለካል፤ የተባለው መጠን ላይ ሲደርስ ይቆርጣል፣ ሲወርድ ይለቃል፤ በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ። ለማይክሮኮንትሮለሩም እፎይታ ነው፤ አራት ሽቦ በቅደም ተከተል ማብራት ይቀርና ሁለት ብቻ ይበቃሉ፤ በአንዱ «ተራመድ»፣ በሌላው «ወዲህ» ወይም «ወዲያ» ይባላል። ኤ4988 ከ8 እስከ 35 ቮልት ይቀበላል፤ ያለ ማቀዝቀዣ 1 አምፔር ገደማ፣ ከማቀዝቀዣ ጋር እስከ 2። የድሮ ላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ስለሚሰጥ ለዚህ ልክ ነው፤ የተበላሸው ማተሚያ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ካለም አትጣሉት።

ሥራው ሁሉ ያለው የጅረቱን ገደብ በምትወስነው፣ በቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ ብሎን ላይ ነው። በቀጭን ካቻቢቴ እያዞሩ፣ በቴስተር ከመሬት (ከኔጋቲቩ) ጋር እያነጻጸሩ የብሎኗን ቮልት መለካት ነው። የኤ4988 ሒሳብ ይህ ነው፦ የሚፈለገው አምፔር በ8፣ ከዚያም በመለኪያዋ ሬዚስተር ይባዛል። ሬዚስተሯ በቺፑ ጎን የተቀመጠች ጥቁር እህል የምታህል ነገር ናት፤ ፊቷ ላይ አር100፣ አር068 ወይም አር050 ተጽፎባታል፤ 0.1፣ 0.068፣ 0.05 ኦም ማለት ነው። ለ1 አምፔር በመጀመሪያው 0.8 ቮልት፣ በሁለተኛው 0.54፣ በሦስተኛው 0.4 ይወጣል። እኔ የመጀመሪያውን ቦርዴን የገዛሁበት ሱቅ ሁሉም አንድ ነው አለኝ፤ እኔም አመንኩ፤ 0.8 ላይ አቆምኩት። ቦርዱ አር050 ነበር። ያዘዝኩት 1 አምፔር 2 ሆነ። ሰውየውን አልወቅስም፤ አጉሊ መነጽር ማንሳት የእኔ ሥራ ነበር።

በዲአርቪ8825 ሒሳቡ ይቀላል፤ የተለካውን ቮልት በሁለት ማባዛት ነው። ግን ሌላ ወጥመድ አለው። ብሎኗ ያለችው ከኤ4988 በተቃራኒው ጫፍ ነው። ብሎኗን አይቶ የለመደ እጅ ቦርዱን ገልብጦ ይሰካዋል፤ መብራት ሲለቀቅም ቺፑ ያልቃል። መታየት ያለባቸው የእግሮቹ ስሞች ናቸው። ቲኤምሲ2209 ደግሞ ዝምታው ነው የተወደደለት፤ ማታ በተኛ ቤት ውስጥ ሲሠራ አይሰማም ማለት ይቻላል። ዋጋውም እንደዚያው ነው።

ሌሎቹ ወጥመዶች ብዙ አይደሉም፤ ግን ሁሉም አንድ ጊዜ ያስከፍላሉ። ከሞተሩ የኃይል መግቢያ ጎን 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ካልተቀመጠ፣ ሶኬት ሲሰካ የሚነሣው ምት ከ35 ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል። መብራት እያለ የሞተሩን ሽቦ መንቀል ከዚያም ይብሳል። የማይክሮኮንትሮለሩ መሬትና የሞተሩ ኃይል መሬት ካልተገናኙ ትእዛዙ አይደርስም፤ ይህ አያቃጥልም፣ ግን ሰውን ሁለት ቀን ያንከራትታል። ሪሴት የሚባለው እግር ብቻውን ከተተወም ቺፑ በዘፈቀደ ይተኛል ይነቃል፤ ከጎኑ ካለው ስሊፕ ከሚባለው ጋር በአንድ ቁራጭ ሽቦ ማጋጠም ነው።

እነዚህን ነገሮች ለአዲስ አበባ ሰው ብጽፍ ኖሮ በአንድ አንቀጽ አልፋቸው ነበር። አንድ ቺፕ ቢቃጠል ነገ ሌላ ይገዛል። ከዲማ ግን ሌላ ለማምጣት የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፤ ወይም ለሚሄድ ሰው አደራ ብሎ መጠበቅ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አደራውም ይቀራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየሁት ነገር ደግሞ፣ የቺፑን ዝርዝር መግለጫ ስልኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሥራውን ሲቀጥል ያላስቀመጠው ሲቆም ነው። ስለዚህ ምርጫዬ ከተለመደው ምክር ይለያል፦ አቅሙ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በላይ የሚተርፍ ቺፕ፣ ጅረቱ ከተጻፈው በታች፣ እና ተመሳሳይ ሁለት ቦርድ አንድ ላይ መግዛት። ሁለተኛው ለመተኪያ ብቻ አይደለም፤ አንዱ አልሠራ ሲል ችግሩ ከቺፑ ይሁን ከሽቦው የሚለየው እሱ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹም አንድ ነገር። በክልሉ የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርት ረጅም ዕድሜ አለው፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ያስተምራል። ከምሩቃን ጋር ስጨዋወት ደጋግሜ የምሰማው ኩራት ማይክሮስቴፕ፣ ማለትም አንዱን እርምጃ ወደ ጥቃቅን መክፈል ነው፤ «በ32 ከፍዬዋለሁ» ይላሉ። 200 እርምጃ የነበረው ዙር 6,400 ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን ትክክለኛነቱ 32 እጥፍ አልሆነም። በአንዲቷ ጥቃቅን እርምጃ ውስጥ ያለው ጉልበት በጣም ትንሽ ስለሆነ ጭነት ያለበት ዘንግ ብዙ እርምጃ እስኪጠራቀም አይነቃነቅም። የሚገኘው ለስላሳነትና ጸጥታ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙ ግን ሌላ ነው።

ወደ አክስቴ ሣጥን ልመለስ። በሐቀኝነት ለመናገር ለእንቁላል ማገላበጫ ከሁሉ የሚቀለው በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ጥርስ ያለው ዝግ ብሎ የሚዞር ትንሽ ሞተር ነው፤ ቺፕ አይፈልግም፣ ፕሮግራም አይፈልግም፤ የፋብሪካ መፈልፈያዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙትም እሱን ነው። እኔ ግን እጄ ላይ የነበረው ከማተሚያ የወጣ ኔማ 17 ነበር፤ የእሷም ሐሳብ መብራት ሲጠፋ በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ እንዲሠራ ነበር። ስለዚህ ኤ4988 ሆነ፤ በ12 ቮልት፣ በ0.7 አምፔር። እንቁላሎቹ የተደረደሩበት ትሪ በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ቢታሰር ሞተሩ እንዲይዘው ቀን ከሌት ጅረት መጠጣት ይኖርበታል፤ ስቴፐር ቆሞም ይበላል። ስለዚህ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ዘንግ ገዛሁ። በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። የትሪውን ክንድ 10 ሴንቲ ሜትር ሲገፋ እንቁላሎቹ ከ45 ዲግሪ ግራ ወደ 45 ዲግሪ ቀኝ ይዘነበላሉ፤ ያ 80 ዙር ነው፤ 16,000 እርምጃ፤ በሴኮንድ 800 ሲራመድ 20 ሴኮንድ። በየሁለት ሰዓቱ አንዴ፣ በቀን አራት ደቂቃ ብቻ ይሠራል። የቀረውን ጊዜ ኢንኤብል በሚባለው እግር ቺፑን አጠፋዋለሁ፤ የዘንጉ ጥርስ ራሱ ትሪውን ይይዘዋል።

አክስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቡና እየቀዳች ስታየኝ ቆየች። «አንተ ልጅ፣ ዶሮዋ እኮ በመንቁሯ ነው የምታገላብጠው፤ ያንተው ምን ሆኖ ነው ይህን ሁሉ ሽቦ የሚፈልገው?»

«እትዬ፣ ዶሮዋ አሥራ ሁለት እንቁላል ናት፤ ይኼ መቶ ነው።»

«እሺ። መብራት ሲጠፋስ?»

«ሞተሩ በባትሪው ይሠራል።»

«ሙቀቱስ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ነው፤ 84 ዋት ሰዓት። ለሞተሩ ሳምንታት ይበቃል። ለአንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ግን አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያሰብኩት ስለሚያገላብጠው ነገር ነበር፤ ከሁለቱ ቀላሉ እሱ ነበር። በዚያው ማታ መብራት ጠፋ። ትሪው በሰዓቱ ጥርር እያለ ዞረ። አክስቴ ተነሥታ ከአልጋዋ ላይ ጋቢዋን አነሣችና ሣጥኑን አለበሰችው።